ካሜራ ዳኛ ሲሆን



የተከበራችሁ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጀማዓዎች! «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተላለፈ ዓመታት አልፈዋል። ጥር 28 ቀን 2005 ማክሰኞ ምሽት ነበር። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴዎቻችን በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰው ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ይታይ ነበር። ፊልሙ እንዳይተላለፍም የፍርድ ቤት እግድ ወጥቶ ነበር። ያም ሆኖ ተላለፈ። ዳኛ ሳይፈርድ ካሜራ ፈረደ።

እኛ በዚህ አካባቢ የምንኖር ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። በንፋስ መውጫም፣ በወገዳም፣ በመካነ ኢየሱስም ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ገበያ ውለን፣ በአንድ ምንጭ ቀድተን እንኖራለን። ለሠርግ ሲጠሩን የእኛን ለብቻ ያሳርዱልናል፤ ስንቀብር አብረውን ይቆማሉ። ፊልሙ በታየ ማግስት ግን ሻይ ቤት ስንገባ ወሬው ቀጥ አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያውቁን አንዲት እናት መድረሳው በር ላይ ጠብቀው «እናንተ ልጆች፣ እነዚህን ሕፃናት ምን እያስተማራችኋቸው ነው?» አሉን። እንዲገቡ ጋበዝናቸው። ሎሃቸውን ይዘው አሊፍ፣ ባ፣ ታ የሚሉትን ሕፃናት አይተው፣ መርቀው ሄዱ። አላህ ይስጣቸው፣ መጥተው ጠየቁ። በር ድረስ መጥቶ የማይጠይቀው ግን ይበዛል።

ለመሆኑ ፊልም ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኘ? ፊልም የሚሠራው በተቀረጸው ብቻ ሳይሆን በተቆረጠውም ጭምር ነው። በእስር ላይ ያለ ሰው ሲናገር ይታያል፤ ጠያቂው ማን እንደሆነ፣ ከንግግሩ በፊት ምን እንደተደረገበት ግን መስኮቱ አይነግረንም። ከጎኑ የሌላ አገር ታጣቂ ይለጠፋል፤ በዕድሜያቸው ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ወንድማማች መስለው ይታያሉ። ከሥር የሚያስፈራ ሙዚቃ ይገባል፤ አእምሮ ሳይጠይቅ ልብ ይደነግጣል። የሰላማዊ ሰው «ድምፃችን ይሰማ» የሚል ጩኸት ከቦኮ ሐራም ጋር የተመሳሰለው በዚህ ዓይነት ጥበብ ነው።

ታዲያ አንዳንድ ወንድሞች «ፊልም የሚባል ነገር ከነጭራሹ ይቅርብን» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ብዕርም ሐሰት ይጽፋል፤ ብዕርን ግን አልጣልንም። ሶሪያዊው ሙስጠፋ አል-ዓቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 «አር-ሪሳላ»ን ሠራ። አንዱን ታሪክ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ፣ በሁለት የተለያዩ የተዋናይ ቡድኖች ቀረጸው። የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አካልም ድምፅም ሳያሳይ፣ ሰሓቦች ወደ አገራችን ተሰደው በነጃሺ ፊት ሲቆሙ ለዓለም አሳየ። ነጃሺ የከሳሾቹን ቃል ብቻ ሰምቶ አልፈረደም፤ ጃዕፈርን አስጠርቶ አዳመጠ። ዓቃድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ዐማን ውስጥ አሸባሪዎች ሆቴል ሲያፈነዱ ከልጁ ጋር ሞተ። ሙስሊምና አሸባሪ አንድ ነው ለሚል ሰው ከዚህ በላይ ምን መልስ አለ?

ቅርባችንንም እንይ። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንቀበልም አሉት። እርሱ ግን አዳራሽ እየተከራየ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሕዝቡ አሳየ። በር ሲዘጋበት የራሱን በር ከፈተ። እምነቱ ከእኛ ቢለይም ትምህርቱ ለእኛም ነው።

እዚህ ላይ ራሳችንንም እንውቀስ። ከዚህ ቀደም የሌላ አገር ግድያ «እዚህ የተፈጸመ ነው» ተብሎ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር፣ ከእኛም መካከል ሳያጣራ ያስተላለፈ አለ። ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ ያዘናል፤ ትእዛዙ ሌላው በእኛ ላይ ሲያወራ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ሐሰትን በሐሰት የሚመልስ ሰው የተበደለ መሆኑን ማን ያምነዋል?

ስለዚህ የተከበራችሁ ጀማዓዎች! ስልክ ያለው ወጣት የሚቀርጸውን ከነቀኑና ከነቦታው ይያዝ፤ ቆርጦ አይቀጥል። ያልተጣራ ነገር ከእጃችን አይውጣ። የመድረሳዎቻችን በር ለጎረቤት ክፍት ይሁን። ወንድሞቻችን በእስር ቤት በነበሩበት ጊዜ ስለራሳቸው መናገር ባይችሉም፣ እኛ እንደ ድሮው በገበያውም በለቅሶውም ተገኝተን የሚያውቀን ሁሉ እንዲመሰክር እናድርግ። ያንን ምሽት ፊልሙን ያየው ጎረቤታችን ነገም ከእኛ ጋር ይኖራል፤ ከካሜራው ይልቅ እኛ ለእርሱ ቅርብ ነን።

ሰላማዊ ትግላችን ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ!
ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!