ለጎደለ እንደራሴ ተጠባባቂ የለም





በመሥሪያ ቤት አንድ የሥራ ቦታ ክፍት ሲሆን ተጠባባቂ ይመደባል፤ ባለጉዳይም ቢጉላላ እንጂ በሩ አይዘጋበትም። የሕዝብ እንደራሴ ወንበር ግን እንዲህ አይደለም። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ የምርጫ ክልል የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ስለ ሆነ፣ ያ ሰው ቢሞት ወይም ቢለቅ፣ ማሟያ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ የመረጠው ሕዝብ አፍ የለውም።

ይህ በአገራችን ደርሷል። በ1997 ዓ.ም. ካሸነፉት ተቃዋሚዎች አንዳንዶቹ በውጤቱ ላይ በተነሣው ክርክር ምክንያት ምክር ቤት ሳይገቡ ቀሩ፤ ከመሪዎቻቸውም የታሰሩ ነበሩ። ምክር ቤቱ በመስከረም 1998 ሥራ ሲጀምር፣ ማሟያው ምርጫ የተደረገው ግን በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ከአካባቢ ምርጫ ጋር ነው። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ለጊዜው እንተወውና፣ ግብሩን ሲከፍል የኖረው መራጭ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ያለ እንደራሴ መቆየቱ አይካድም።

አንድ ወንበር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማየት በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን ትንሽ አገር ቱቫሉን መመልከት ይበቃል። ምክር ቤቷ ያን ጊዜ 15 አባላት ነበሩት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዲሴምበር 2012 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሎቶአላ ሜቲያ ሲሞቱ የኑኩፌታው ደሴት አንድ ወንበር ጎደለ። መንግሥት ማሟያውን ምርጫ ስላዘገየ ፍርድ ቤት እንዲደረግ አዘዘ። በጁን 2013 ተቃዋሚው ወገን አሸነፈ፤ በኦገስትም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊሊ ቴላቪ ከሥልጣናቸው ተነሡ። ከዚህ የምንማረው፣ በመዘግየቱ የሚጠቀም ሰው ቀን ቆራጭ መሆን እንደማይገባው ነው።

የአዲስ አበባ ሰው ቢቸግረው በእግሩ ሄዶ ደጅ ይጠናል። የአበርገሌ ወይም የዝቋላ ገበሬ ግን ዝናም ሲከለከል አቤቱታውን ወደዚያ የሚያደርስለት እንደራሴው ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ለማንሣት እንደሚችል ደንግጓል፤ ዳሩ ግን የተነሣው በጊዜው ካልተተካ መብቱ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የወንበሩ መጓደል በሚነገርበት ቀን የምርጫውም ቀን አብሮ ይነገር። ፋይል በመሳቢያ ውስጥ ሲያድር በባለጉዳይ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከመንግሥት ሠራተኞች ይበልጥ የሚያውቅ የለምና፣ ይህን ሐሳብ ይመረምሩት ዘንድ አደራ እላለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሰቆጣ