የግርጌ ማስታወሻ የዕዳ መዝገብ ነው

በዴንቨርና በኦሮራ መካከል ባለችው በሎውሪ የምንገናኝ ተማሪዎች ሰሞኑን አንድ ክርክር ይዘናል። ሎውሪ እስከ 1994 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ነበረች፤ ዛሬ የኦሮራ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አንደኛው ግቢ ይገኝባታል። የተከራከርነው ስለ ግርጌ ማስታወሻ ነው። «አገር በስንት ነገር ሲጨነቅ ይህ ምን ያከራክራል?» የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጥቂት ይታገሠን።

የግርጌ ማስታወሻ ጌጥ አይደለም፤ ጸሐፊው «ይህን ከእገሌ ተማርሁ» ብሎ ዕዳውን የሚመዘግብበት ቦታ ነው። ጀርመናዊው ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ሲያሳትም፥ ዋና መምህሩ በ1652 ወደ ጎታ የመጡለት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ሉዶልፍ ስማቸውን ስለ ጻፈ እስከ ዛሬ እናውቃቸዋለን። ስማቸው ሳይጻፍ ዕውቀታቸው ብቻ የተወሰደባቸው መሪጌቶች፥ ገበሬዎችና እናቶች ግን ስንት ይኾኑ? እኛም ለመመረቂያ ጽሑፋችን አገር ቤት ወርደን የሰማነውን፥ ባለቤቱ ስሙ እንዲጠራ እየወደደ፥ «አንድ ሽማግሌ እንደ ነገሩን» ብለን ካለፍን፥ የምንወቅሰውን ሥራ ራሳችን ሠራነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የስማችን አጻጻፍ ነው። የፈረንጅ ደንብ የቤተሰብን ስም ያስቀድማል፤ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «ባይከዳኝ፥ ገ.» ብለን ብንጽፍ፥ የልጁን ድካም ለአባቱ መስጠታችን ነው። ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ያሰፍራል። እንደዚሁም «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በ1916 ዓ.ም. ታተመ ብሎ ዘመን አቈጣጠሩን ሳይለዩ መተው፥ አንባቢውን ስምንት ዓመት ያህል ያሳስታል።

ሦስተኛው የፊደላችን ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ ማሽን የለንም ማለት ቀርቷል። ነገር ግን ለላቲን ፊደል የተበጀውን መጠን እንዳለ ስንወስድ፥ ቡ እና ቢ የሚለዩባት ትንሽ ምልክት በግርጌው ትጠፋለች። ስለዚህ የግርጌው ፊደል ከዋናው ጽሑፍ በጥቂቱ ብቻ ይነስ፤ በመስመሮቹ መካከልም በቂ ቦታ ይተው። የግዕዝ አኃዝ ከላይና ከታች መስመር ስላለው አንሶ ከቃል ራስ ላይ ሲወጣ አይነበብም። ስለዚህ ለማስታወሻው ቍጥር 1፥ 2፥ 3 ይሻላል፤ ፩፥ ፪፥ ፫ ደግሞ የመቅድሙን ገጾች ይቍጠሩ። ቍጥሩንም በእጅ አንምታ፤ ዎርድም ኾነ ላቴክ ራሱ ይቈጥራል፥ አንዱ ማስታወሻ ሲጨመርም የቀሩትን ያስተካክላል።

የመጨረሻው፥ ለአገር ቤት ተማሪ ከኹሉ የሚበልጠው ነው። መጽሐፍ ሙሉውን ማግኘት ያልቻለ ወንድማችን ወይም እኅታችን አንድ ምዕራፍ በስልክ ተነሥቶ ይደርሰዋል። ማስታወሻዎቹ በመጽሐፉ መጨረሻ ከኾኑ አብረው አይደርሱም፤ ቍጥሮቹ ብቻ ባዶአቸውን ይቀራሉ። ገጹም ስም ከሌለው ማን እንደ ጻፈው አይታወቅም፤ ያልታወቀም አይጠቀስም። እንግዲህ ማስታወሻው በየገጹ ሥር ይኹን፤ በየገጹም ግርጌ የጸሐፊው ስም፥ አጭር አርእስቱ፥ ዓመቱና የገጹ ቍጥር ይታተም። ይህ አንድ መስመር ቀለም ብቻ ይፈጃል።

ይህን በሚቀጥለው ጽሑፋችን ላይ ራሳችን እንጀምራለን። በውጭም በአገር ቤትም ያላችሁ፥ የተሻለ ደንብ ካላችሁ ጻፉልን፤ ከእናንተ ያገኘነውንም በስማችሁ እንመዘግባለን።