የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ልጁን ማን ይይዘዋል? የሕፃናት ማቆያዎች ዋጋና ጥቅም ሲመዘን

የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በብዙ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይነሳል፤ «ልጁን ማን ይይዘዋል?» አያት ክፍለ ሀገር ናቸው። ሠራተኛ ተፈልጋ አልተገኘችም፤ የተገኘችውም የምትጠይቀው ደመወዝ ከአቅም በላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለው ማቆያ ሞልቷል፤ ቦታ ያለው ደግሞ ሁለት ታክሲ ያስይዛል። ውሳኔው በጥድፊያ ይወሰናል፤ በጥድፊያ የተወሰነ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቁጥሮቹ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃናት እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠቡ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥሉ ይመክራል። ለእኛ ለሙስሊሞች ሁለት ዓመት ማጥባት አዲስ ነገር አይደለም፤ በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ማጥባትን ማሟላት ለሚፈልግ የተቀመጠው ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ ሕጉ በሚሰጠው ሦስት ወርና ሕፃኑ በሚያስፈልገው ስድስት ወር መካከል የሦስት ወር ክፍተት አለ። ማቆያ የሚፈለገው መጀመሪያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ከዚያም ልጁ ኬጂ እስኪገባ ድረስ ጥያቄው ይቀጥላል።

የድሮዎቹ ምሰሶዎች ወዴት ሄዱ?

የከተማ ቤተሰብ ልጅ ያሳድግ የነበረው በሦስት ምሰሶዎች ላይ ቆሞ ነበር፤ በዘመድ፣ በጎረቤትና በቤት ሠራተኛ። ዛሬ ሦስቱም ላልተዋል።

ዘመድ እንደ ድሮው በአንድ ግቢ አይኖርም። በየኮንዶሚኒየሙ የተበተነው ወጣት ቤተሰብ ከእናቱ ቤት የሚደርሰው በሰዓታት መንገድ ነው። ጎረቤትም ተለውጧል። ከመልሶ ማልማትና ከኮሪደር ልማት ጋር በተያያዘ እንደ ፒያሳና ካዛንቺስ ካሉ ነባር ሰፈሮች የተነሱ ቤተሰቦች አዲስ ቤት ቢያገኙም፣ «አንድ ጊዜ ያዢልኝ» የሚሏትን የሃያ ዓመት ጎረቤት ይዘው አልሄዱም። ይህ ኪሳራ በካሳ ስሌት ውስጥ የማይገባ፣ ነገር ግን በየወሩ ከኪስ የሚወጣ ነው።

የቤት ሠራተኛውም ጉዳይ ከዓረብ አገር ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሄዱት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የእኛው እህቶች ናቸው። አንዲት ልጅ ጅዳ ሄዳ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ አዲስ አበባ ያለው ቤተሰብ ደግሞ የሚያሳድግለት ያጣል። እዚህ በአነስተኛ ደመወዝ፣ ያለ ውልና ያለ ዕረፍት ቀን ሥሪ ስትባል የተሻለ ፍለጋ ብትሄድ ልትወቀስ አይገባም። ነገር ግን ውጤቱ ግልጽ ነው፤ ርካሽ የሞግዚት ዘመን አልፏል። ማቆያዎች የበዙትም በዚህ ምክንያት ነው።

አራቱ አማራጮች

አንደኛው የመሥሪያ ቤት ማቆያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። ለሚያገኘው ሰው ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ልጁ እናቱ ካለችበት ሕንፃ አይርቅም፣ በምሳ ሰዓት ይጠባል፣ ሲታመም በአምስት ደቂቃ ትደርስለታለች። ችግሩ ቦታው ውስን መሆኑ ነው። በግሉ ዘርፍ ያሉ አሠሪዎች ላይ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ይህን ግዴታ በግልጽ አልጣለም። የሱቅ ሠራተኛዋ፣ የፋብሪካዋና የግል ትምህርት ቤቷ መምህርት በአሠሪያቸው በጎ ፈቃድ ላይ ናቸው።

ሁለተኛው የግል ማቆያ ነው። ከመኖሪያ ቪላ ተከራይቶ ከሚሠራው እስከ ካሜራና መጫወቻ ሜዳ እስካለው ድረስ ደረጃው ብዙ ነው። ሦስተኛው በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደረጃ የሚቋቋመው ነው፤ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በቀዳማይ ልጅነት ዕድገት ፕሮግራሙ ማቆያዎችንና የሕፃናት መጫወቻዎችን በየአካባቢው ለማስፋፋት እየሠራ ነው። አራተኛው በቤት ውስጥ የሚያዝ ነው፤ ሞግዚት፣ ዘመድ ወይም ሁለትና ሦስት ልጅ በቤቷ የምትይዝ የሰፈር ሴት።

«ርካሹ» ሲደመር

ብዙ ወላጅ ማቆያ የሚያወዳድረው ወርሃዊ ክፍያን ብቻ ጠይቆ ነው። ትክክለኛው ንጽጽር ግን ሁሉንም ደምሮ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት ማቆያዎችን እናስብ፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

የመጀመሪያው በወር 5,000 ብር ይጠይቃል። የዓመት መመዝገቢያው 3,000 ብር ነው፤ ለወር ሲካፈል 250 ይሆናል። ምግብ ከቤት ስለሚመጣ ለልጁ ለብቻ የሚዘጋጀው 1,500 ብር ይወስዳል። ለማድረስና ለመመለስ በቀን ተጨማሪ 40 ብር ታክሲ ቢያስወጣ፣ በ22 የሥራ ቀን 880 ብር ነው። ድምሩ 7,630 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው 6,500 ብር ይጠይቃል፤ ምግብ በውስጡ ነው። መመዝገቢያው በዓመት 1,200፣ በወር 100 ነው። ከቤት በእግር ይደረሳል። ድምሩ 6,600 ብር ነው። በስም ርካሽ የነበረው በወር 1,030 ብር ተወደደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የሚረሱ ወጪዎች አሉ። አርፍዶ ለመጣ ወላጅ በሰዓት የሚቆረጥ ቅጣት አለ። ልጁ ታሞ ሳምንት ሙሉ ቢቀር ክፍያው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? በነሐሴ ማቆያው ሲዘጋ ይከፈላል ወይ? ዳይፐርና የዱቄት ወተት ማን ያቀርባል? ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡት እነዚህ ዕቃዎች ምን ያህል እንደተወደዱ ወላጅ ሁሉ ያውቃል። እናት በምሳ ሰዓት ማጥባት ከቻለች ወይም ያለበችው ወተት በፍሪጅ የሚቀመጥላት ከሆነ የቆርቆሮ ወተት ወጪ ይቀራል። ስለዚህ «ፍሪጅ አላችሁ?» የሚለው ተራ ጥያቄ የብዙ ሺህ ብር ጥያቄ ነው።

ሕመምም ዋጋ አለው። ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር መዋል ሲጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጉንፋንና ተቅማጥ ይደጋገማል። አዋጅ 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። እነዚያን ቀናት እናት ብቻ የምትጨርሳቸው ከሆነ በዓመቱ አጋማሽ ላይ የሚቀራት ፈቃድ አይኖርም።

ከዋጋው በፊት የሚታዩ ነገሮች

ጥቅም ሲባል ካሜራ፣ የእንግሊዝኛ መዝሙርና ያሸበረቀ ግድግዳ ቀድሞ ይታያል። የሚበልጠው ግን አንድ ተንከባካቢ ስንት ሕፃን ትይዛለች የሚለው ነው። ለማነጻጸር ያህል በእንግሊዝ አገር ሕጉ ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑ ሦስት ሕፃናት ቢያንስ አንድ ተንከባካቢ ያስገድዳል። እኛ ጋር አንዲት ሴት አሥር ሕፃን ይዛ ብትገኝ የፈለገችውን ያህል ደግ ብትሆን አሥር ልጅ በአንድ ጊዜ ማጽዳትና ማብላት አትችልም። ካሜራው የሚያሳየው ልጁ ማልቀሱን እንጂ የሚያነሳው ሰው እንዳለ አይደለም።

ቀጥሎ ተንከባካቢዎቹ ስንት ጊዜ ቆይተዋል? በየሁለት ወሩ ፊት የሚቀያየርበት ማቆያ ደመወዝ የማይከፍል ማቆያ ነው። ፈቃዱ ታድሷል? ሽንት ቤቱና ማእድ ቤቱ ይታያል ወይስ «ዛሬ አይመችም» ይባላል? ሳይነገር በጠዋትም በምሳ ሰዓትም ጎራ ማለት ከማንኛውም ማስታወቂያ የተሻለ መረጃ ይሰጣል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ። ምግብ በክፍያው ውስጥ ከሆነ ሥጋው ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ሲጠየቅ በጨዋነት የሚመልስ ማቆያ ብዙ ነው፤ ሥጋ ባለበት ቀን ምሳ ዕቃ ከቤት እንዲመጣ የሚስማማም አለ። የዒድ ቀናት ክፍያ፣ በረመዳን ወላጆች የሚመጡበት ሰዓት፣ በመርካቶ ነጋዴ ለሆኑት ደግሞ የቅዳሜ አገልግሎት ከመመዝገቡ በፊት ይነሳ። ሃይማኖታዊ ስም ያለው ማቆያ መሆኑ ብቻ ግን ዋስትና አይደለም። በስሙ ተማምኖ የሕፃናቱን ቁጥር ሳይጠይቅ የሚመለስ ወላጅ አማናውን በሚገባ አልተወጣም።

«ደመወዟ ለማቆያ ካለቀ ለምን ትሠራለች?»

ይህ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል፤ በቁጥር እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው ጭማሪ አዲስ የዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ግብርና የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጅ ላይ የሚገባው 8,600 ብር ገደማ ነው። የማቆያ ወጪ ከግብር በፊት አይቀነስም፤ የመቀጠር ገቢ ግብር ሕጋችን ሠራተኛው ደመወዙን ለማግኘት ላወጣው ወጪ ቅናሽ አይፈቅድም። በምሳሌያችን ካለው 6,600 ብር በኋላ የሚቀረው 2,000 ብር ነው። በ6,000 ብር መነሻ ደመወዝ ላይ ላለችው ሠራተኛ ደግሞ የሚቀር የለም።

ስሌቱ ግን ሁለት ስህተት አለው። አንደኛ፣ ማቆያ የሚያስፈልገው ለሁለት ለሦስት ዓመት ነው፤ የሥራ ልምድ፣ የደረጃ ዕድገትና የጡረታ ዘመን ግን ከዚያ በኋላም ይቀጥላል። ዛሬ ሥራ የለቀቀች እናት ከሦስት ዓመት በኋላ የምትመለሰው በተወችው ቦታ ላይ ላይሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ወጪው ለምን ከእናት ደመወዝ ብቻ ይቀነሳል? ልጁ የሁለቱም ነው። በሸሪዓም የልጅ ነፈቃ የአባት ኃላፊነት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ያው የሱረቱል በቀራ አንቀጽም የሚያጠቡ እናቶችን መመገብና ማልበስ በአባት ላይ ያደርጋል። እናት በፈቃዷ ብታግዝ መልካም ሥራ ነው። ግን «ደመወዝሽ አልበቃም፣ ስለዚህ ቅሪ» የሚለው ክርክር መሠረቱ የተሳሳተ ነው። እቤት ሆና ማሳደግ የምትመርጥ እናት ምርጫዋ ክቡር ነው፤ ምርጫው ግን የተዛባ ሂሳብ ያመጣው መሆን የለበትም።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከመንግሥት የሚጠበቀው ሕጉን ወደ ግሉ ዘርፍ ማስፋት ነው። አንድ ትንሽ ድርጅት ብቻውን ማቆያ ይክፈት ማለት አይቻልም፤ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ የገበያ ማዕከል ያሉ አሠሪዎች ግን በጋራ ሊከፍቱ ይችላሉ። አሠሪው ለማቆያ የሚያወጣውን ወጪ በግብር ማበረታታትም ይቻላል። ቁጥጥሩም ፈቃድ በመስጠት ማብቃት የለበትም።

ከማኅበረሰባችንም የሚጠበቅ አለ። በየመስጂዱ ግቢና በየመድረሳው ጠዋት ባዶ የሚውሉ ክፍሎች አሉ። ደረጃውን ባሟላ መንገድ ተስተካክለው በሠለጠኑ ሴቶች የሚመሩ ማቆያዎች ቢሆኑ ኪራይ ስለማይከፈልባቸው ዋጋው ይቀንሳል፣ ለሴቶችም የሥራ ዕድል ይፈጠራል። በቤቷ ሦስት ልጅ የምትይዝ እህት ወደ ሕጋዊ ማቆያ ማደግ ብትፈልግ የወለድ ብድር እንቅፋት ይሆንባት ነበር። ዛሬ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች አሉ፤ አልጋውን፣ ፍሪጁንና መጫወቻውን በሙራበሃ ገዝቶ በክፍያ ማስረከብ ለእነርሱ እንግዳ ሥራ አይደለም። ያነሰው ጠያቂና አስተባባሪ ነው።

እስከዚያው ድረስ ወላጅ ማድረግ የሚችለው ቀላል ነው። ፍለጋውን በእርግዝናው ሰባተኛ ወር ይጀምር፤ ሁለቱም ወላጆች አብረው ሄደው ይዩ። ወርሃዊ ክፍያውን ሳይሆን ሙሉ ድምሩን ይጻፉ፤ አንድ ተንከባካቢ ስንት ልጅ እንደምትይዝም ሳይጠይቁ አይውጡ። የሦስት ወር ሕፃን ማቆያው ውስጥ የደረሰበትን መናገር አይችልም፤ ስለ እርሱ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወላጁ ብቻ ነው።