ዓሣንም ጋኔን ይጥለዋል?

«የሚጥል በሽታ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው» ለምትሉ ወገኖቼ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ዓሣን የሚጥለው ማን ነው?

ዜብራ ፊሽ የምትባል ትንሽ የእስያ ዓሣ አለች። አሞራ ገደል ከምናያቸው ቆሮሶና አምባዛ አጠገብ ብትቀመጥ ዓይን አትሞላም። ነገር ግን ከሰው ጂኖች 70 በመቶ ያህሉ እሷም ዘንድ አቻ አላቸው።

እ.ኤ.አ. በ2005 ስኮት ባራባንና ባልደረቦቹ ገና የተፈለፈሉ ዜብራ ፊሾች ያሉበት ውሃ ውስጥ ፔንቲሊንቴትራዞል የሚባል ኬሚካል ጨመሩ። ዓሣዎቹ ተቅበጠበጡ፣ ተሽከረከሩ፣ ተንቀጥቅጠው በጎናቸው ወደቁ። አንጎላቸው ላይም ልክ እንደ ሰው የተዛባ የኤሌክትሪክ ንዝረት ተመዘገበ። ለታካሚዎቻችን የምናዝዛቸው ቫልፕሮኤትና ዲያዜፓም ሲሰጧቸው ንዝረቱ ቀነሰ። በ2013 ደግሞ በሕፃናት ላይ ድራቬት የተባለውን ከባድ የሚጥል በሽታ ከሚያመጣው ጋር አቻ የሆነ የጂን ጉድለት ያለባቸው ዓሣዎች፣ ምንም ኬሚካል ሳይነካቸው በራሳቸው ሲንቀጠቀጡ ታዩ።

እንግዲህ ፍረዱ! ዓሣዋን ቡዳ አልበላትም፤ የዘር እርግማንም የለባትም። የታወከው አንጎሏ ነው።

«ዓሣ ሰው አይደለም» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ለዚህም ነው ዓሣ ላይ የሠራ አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ሳይፈተሽ የማይታዘዘው። የአንጎል ሴሎች በኤሌክትሪክ መነጋገራቸው ግን በሁለታችንም ያው ነው።

ዋጋ የሚከፍሉት ታማሚዎቻችን ናቸው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1990 ባሳተሙት የቡታጅራ አካባቢ ጥናት፣ ከ1,000 ሰዎች 5 ያህሉ በሽታው ነበረባቸው፤ ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን 2 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ፊኖባርቢታል ለዚህ በሽታ መዋል የጀመረው በ1912 ነው! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙት እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ከመውደቅ ነፃ ሆነው መኖር ይችላሉ። እኛ ግን ዛሬም ክብሪት ጭረን እናሸታለን፤ አረፋው ይጋባል ብለን የወደቀውን ትተን እንሸሻለን።

ስለዚህ፦

• ክብሪት አታሽቱ፤ አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ።
• ከእሳትና ከውሃ አርቃችሁ በጎኑ አስተኙት። አረፋው አይጋባም።
• መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።
• ጸበልም ጸሎትም የእምነታችሁ ነው፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ልጃችሁ ከዓሣዋ ያነሰ ምርመራ አይገባውም። ለሚመለከተው ሁሉ ሼር አድርጉ። ጤና ይብዛላችሁ!