ጥናቱማ ቀርቧል፤ መልሱስ?

ውሃ ጠፍቶ መብራትም ሲደገም «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብለን እንስቃለን። እንቅርት ግን ተረት ብቻ አይደለም። ሰውነት አዮዲን ሲያንሰው የሚመጣ በሽታ ነው። ደግሞ አንገት ላይ የሚታየው እብጠት ቀላሉ ነው። ነፍሰ ጡር እናት አዮዲን በጣም ካነሳት የጽንሱ አእምሮ በቅጡ ሳያድግ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አስጠኚ ቢቀጠር፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ቢገባ፣ የጎደለው አይመለስም።

አገሪቱ ይህን ሳታውቅ ቀርታ ነው? ታውቃለች እንጂ! (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ እንቁጠር።) ከ35 ሺህ በላይ ተማሪዎችን የመረመረ ጥናት በ1993 ታትሟል። ከመቶው 30 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና ድንበሩ ተዘጋ፤ ከዚያ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለው ጨውም አብሮ ቀረ። በምትኩ ከአፋር የመጣው ጨው አዮዲን ሳይጨመርበት ወጥ ቤታችን ገባ። በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ።

ጨው ላይ አዮዲን መጨመርን ግዴታ ያደረገው ደንብ መቼ ወጣ? በ2011። የመጀመሪያው ጥናት ሲታተም የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ የምርጫ ካርድ ለመውሰድ ደርሷል።

«ድሃ አገር ነን፣ ሁሉም በአንዴ አይሆንም» የምትሉ ወዳጆቻችን፣ እስቲ ይህችን ስሙን። በ2011 አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ከመቶ 15 ቤተሰብ ብቻ ነበር። በ2016 ስንት ሆነ? 89! አምስት ዓመት ብቻ በቃው። ወጪውም ለአንድ ሰው በዓመት ጥቂት የአሜሪካ ሳንቲም ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን የጠፋው ገንዘብ ነበር ልትሉን ነው?

የጠፋው የሚመልስ ሰው ነው። እኛ አገር ጥናት እንዴት እንደሚስተናገድ እናውቃለን፤ የሆቴል አዳራሽ፣ የሻይ እረፍት፣ አበል፣ የቡድን ፎቶ፣ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል»፣ መደርደሪያ። አጥኚውም አሳትሞ ማዕረጉን ካገኘ በኋላ ዞር ብሎ የማያይበት ጊዜ አለ፤ እሱንም አንምረውም።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የልጆችን ጤና የሚነካ ጥናት ሲቀርብለት፣ የሚመለከተው ሚኒስቴር በተወሰነ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመልስ። «ተቀብያለሁ፣ ይህን አደርጋለሁ» ይበል፤ ወይም «አልተቀበልኩም፣ ምክንያቴ ይህ ነው» ይበል። መልሱ አደባባይ ይውጣ፣ እኛም እንየው፣ እንከራከርበት።

ጨዉም ገና አላለቀለትም። ያ 89 የሚነግረን ጨዉ ውስጥ አዮዲን መኖሩን ነው፤ በቂ መጠን ያለው ጨው ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። አዮዲን ደግሞ ፀሐይና እርጥበት ላይ ሲውል ይተናል። ነገ ሰፈራችሁ ጉልት ስትሄዱ አፉ ተከፍቶ ፀሐይ የሚመታውን የጨው ጆንያ እዩት። እሱን የሚለካው ማነው? ውጤቱስ የት ይለጠፋል?