የስኳር ሕመም ክኒን ካንሰርን ያድናል?

«የስኳር መድኃኒት ለካንሰርም ይሆናል ይባላል፤ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። ካንሰር ገብቶበት ለተጨነቀ ቤተሰብ ደግሞ ጥያቄው ቀላል አይደለም። ክኒኑ ርካሽ ነው፤ ምናልባትም የእናት ወይም የአባት መድኃኒት ሆኖ ቤት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ይባላል። መነሻው ጋሌጋ የተባለ ተክል ሲሆን፣ ዣን ስተርን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕሙማን እንደሚጠቅም አስታወቁ። ሜትፎርሚን ጉበት የሚያመነጨውን ስኳር ይቀንሳል፤ በደም ውስጥ ያለው ኢንሱሊንም ዝቅ እንዲል ይረዳል።

ታዲያ ከካንሰር ጋር ምን አገናኘው? ኢንሱሊን ሴሎች እንዲያድጉም ይገፋፋል። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች በዚህ ግፊት ይጠቀማሉ። «ኢንሱሊን ቢቀንስ ካንሰሩ ይዳከም ይሆን?» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከስኮትላንድ የወጣ ጥናት፣ ሜትፎርሚን በሚወስዱ የስኳር ሕሙማን ላይ ካንሰር አነስ ብሎ መታየቱን ሲገልጽ ተስፋው በረታ።

ነገር ግን የሕሙማንን መዝገብ ማመሳከርና መድኃኒቱን ሰጥቶ መፈተን የተለያዩ ናቸው። አንድን ክኒን ለብዙ ዓመት የወሰደ ሰው፣ ያን ያህል ዓመት በሕይወት የቆየ ሰው ነው። ክኒኑ ዕድሜውን አራዘመለት ወይስ ዕድሜው ክኒኑን ለረጅም ጊዜ እንዲወስድ አስቻለው? ይህን መዝገብ ብቻውን አይለይም።

ስለዚህ በካናዳ ተመራማሪዎች መሪነት ስኳር የሌለባቸው 3,649 የጡት ካንሰር ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ፈተና ተካሄደ። ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ገሚሶቹ ሜትፎርሚን፣ ገሚሶቹ መድኃኒትነት የሌለው ተመሳሳይ ክኒን እስከ 5 ዓመት ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዋና ውጤት፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ በማድረግም ሆነ ዕድሜ በማራዘም ልዩነት እንዳልታየ አሳየ። «ኸር-ቱ» በተባለው የጡት ካንሰር ዓይነት ላይ ብቻ የተስፋ ፍንጭ ታይቷል፤ እርሱም በሌላ ጥናት መረጋገጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው የብሪታንያ የፕሮስቴት ካንሰር ጥናትም ሜትፎርሚን ዕድሜ ለማራዘሙ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ሆኖም የሆርሞን ሕክምና የሚያስከትለውን የክብደትና የስኳር መጨመር ቀንሷል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ስኳርም ካንሰርም ያለበት ሰው ሜትፎርሚኑን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። የሚወስደውን ሁሉ ለካንሰር ሐኪሙ ይንገር።

2. ስኳር የሌለበት የካንሰር ሕመምተኛ ከዘመድ ክኒን ተቀብሎ አይውሰድ። መድኃኒቱ ተቅማጥ ያመጣል፤ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ይህ በኬሞቴራፒ ለተዳከመ ሰው ተጨማሪ ሸክም ነው። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ከወሰደው ደግሞ በደሙ ውስጥ አደገኛ አሲድ ሊጠራቀም ይችላል።

3. ከሁሉም በላይ፣ ቀዶ ሕክምናን፣ ኬሞቴራፒን ወይም ጨረርን ትቶ በዚህ ክኒን መተማመን ፈጽሞ አይገባም። በጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እኅት ክኒን እየሞከረች የምታሳልፈው ወር፣ በሽታው ሥር የሚሰድበት ወር ሊሆን ይችላል።

የታመመ ወገን ልንጠይቅ ስንሄድ «እገሌን ያዳነ መድኃኒት» ይዘን ከምንሄድ፣ የሐኪም ቀጠሮውን እንዲያከብር እናበርታው፤ ቢቻልም አብረነው እንሂድ።