ድምፅ ያጣው ኮምፒዩተርና የአባቶች ስም



ባለፈው ወር በኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ባደረግነው የዕረፍት ቀን ስብሰባ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። በኮበር ለብዙ ዓመታት የኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ወገናችን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነዲስኮቹ ለማኅበራችን ሰጥተዋል። ኮምፒዩተሩ በዶስ የሚሠራ ነው። በውስጡ ያለው የተኩስ ጨዋታ ይከፈታል፤ ሙዚቃውም ይሰማል፤ የጥይቱና የበሩ ድምፅ ግን የለም። ከመካከላችን ገሚሱ «ጊዜ ያለፈበት ዕቃ ነው፤ ይጣል፤ ተማሪ ጊዜውን በጨዋታ ማባከን የለበትም» አለ። በበኩሌ ይህን አስተያየት አጥብቄ እቃወማለሁ። ምክንያቴንም ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ የችግሩን ሥር እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይ.ቢ.ኤም በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ለድምፅ የሰጠው ጢጥ ከማለት ብዙም የማያልፍ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበር። በኋላ አድሊብ የተባለው ካርድ በ1987፣ የሲንጋፖሩ ክሪኤቲቭ ኩባንያ ሳውንድ ብላስተር ደግሞ በ1989 መጡ። ዶስ ግን በጨዋታውና በካርዱ መካከል የሚቆም የጋራ አስተርጓሚ አልነበረውም። ስለሆነም እያንዳንዱ ጨዋታ እያንዳንዱን ካርድ በየቋንቋው ማነጋገር ነበረበት። በአንጻሩ በዚያው ዘመን ከኩዌት ተነሥቶ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የታወቀው ሳኽር ኮምፒዩተር ይህ ችግር አልነበረበትም። ሳኽር የተሠራው በ1983 በወጣውና ኤም.ኤስ.ኤክስ በተባለው የጋራ ደንብ መሠረት ሲሆን፣ የድምፁ ክፍል በደንቡ ውስጥ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር። ልዩነቱ የስምምነት መኖርና አለመኖር ነው።

ወደ ጋሼ ኮምፒዩተር እንመለስ። በሕክምና ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚጠየቀው የትኛው ክፍል እንደ ታመመ ብቻ ሳይሆን የትኛው ደኅና እንደ ሆነም ጭምር ነው። ሙዚቃው ከተሰማ ካርዱ አልሞተም፤ ገመዱም ድምፅ ማጉያውም ደኅና ናቸው። ሙዚቃውን የሚፈጥረው በካርዱ ላይ ያለ ራሱን የቻለ ቺፕ ነው። የጥይቱ ድምፅ ግን ከኮምፒዩተሩ ሜሞሪ እየተቀዳ ዲ.ኤም.ኤ በተባለው ማመላለሻ ወደ ካርዱ ይሄዳል፤ ካርዱም የደረሰውን ሲጨርስ አይ.አር.ኪው በተባለው መጥሪያ «ቀጣዩን አምጣ» ይላል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያነበውን የትእዛዝ ፋይል ከፍተን ብናይ፣ ስለ ካርዱ የሚናገረው መስመር አድራሻው 220፣ መጥሪያው 5፣ ማመላለሻው 1 መሆኑን ይገልጻል። በጨዋታው ሴትአፕ ውስጥ ግን መጥሪያው 7 ተብሎ ተሞልቷል፤ 7 ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፕሪንተር መስመር ነው። ካርዱ በአንዱ በር ሲያንኳኳ ጨዋታው በሌላው በር ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። 7ን በ5 ተካነው፤ ጥይቱም ጮኸ። አሮጌ ኮምፒዩተር የሌለው አባል ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚገኘውን ዶስቦክስ በላፕቶፑ ላይ ይጫን። ዶስቦክስ ራሱን እንደ ሳውንድ ብላስተር 16 ስለሚያቀርብ፣ ቁጥሮቹን ሰው ካልለወጣቸው በቀር 220፣ 7 እና 1 ብሎ መሙላት ይበቃል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩም። ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ የጋሼ አባት ከማረፋቸው በፊት በቃል የነገሯቸው የትውልድ ሐረግ በአማርኛ ተጽፎ ተቀምጧል። ፋይሉን ስንከፍተው የታየን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። የተጻፈበት የአማርኛ ፕሮግራም የነበረበት ዲስክ ጠፍቷል። ጋሼ እስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «አባቴ እዚህ ውስጥ አሉ» ብለው ዝም አሉ።

ምክንያቱ ከሳውንድ ካርዱ ጋር አንድ ነው። ያን ጊዜ አንድ የፊደል ሠንጠረዥ የሚይዘው 256 ቦታ ነበር። 33ቱ ፊደላችን በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላ ፊደላቱ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ፣ የላቲኑም ፊደል ቦታውን አለቅም ሲል፣ ማድጋው ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች ፊደሉን በየፊናቸው ደለደሉት። በአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ሆነ። ፊደላችን በዩኒኮድ የጋራ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ዲዳ ሆኖ ቀርቷል።

እንግዲህ «ጨዋታ ጊዜ ማባከን ነው» ለሚሉት ወገኖች ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የተኩስ ጨዋታው በግማሽ ሰዓት ድምፅ ሲያገኝ የአባት ስም ለምን ሳይነበብ ቀረ? ጨዋታው ከትውልድ ሐረግ ስለሚበልጥ አይደለም። የጨዋታ ወዳጆች በየአገሩ እያንዳንዱን ቁጥር፣ እያንዳንዱን መስመር ጽፈው ስላስቀመጡ ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ደመወዝም አልተከፈላቸውም። እኛ ግን የራሳችንን አልጻፍንም። የምንንቃቸው ሰዎች በዚህ ረገድ በልጠውናል።

ስለሆነም ለማኅበራችን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከዳማምና ከኮበር ወገኖቻችን ቤት አሮጌ ዲስኮች ይሰብሰቡ፤ ሳይውል ሳያድርም ይገልበጡ። ዲስክ በዕድሜ ይበላሻልና።

2ኛ/ የቀድሞ የአማርኛ ፕሮግራም፣ መመሪያው ወይም በእርሱ የታተመ አንድ ገጽ እንኳ ያለው ሰው ያምጣ። ፋይሉና የታተመው ገጽ ጎን ለጎን ከተገኙ የፊደሉን ሠንጠረዥ መልሶ ማውጣት ይቻላል።

3ኛ/ የተማርነውን ሁሉ በአማርኛ ጽፈን በዚህ መጽሔት እናውጣ።

ሥራው አይቻልም የሚል ካለ የሚከተለውን ይስማ። የትውልድ ሐረግ «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ ይቀጥላል። እኛም በጋሼ ፋይል ውስጥ በየመስመሩ መጨረሻ የሚመላለሱ ሦስት ምልክቶች አገኘን፤ ወ፣ ለ፣ ደ ናቸው። በእነዚህ ላይ ጋሼ የሚያስታውሷቸውን የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ጨምረን እስከ አሁን 11 ፊደል ለይተናል። የቀረው ብዙ ነው። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ያለው አባል ይምጣና ያግዘን።